ልጁ ጣቢያ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ፦ የወጣት ጥፋተኝነት ንድፈ ሐሳቦችና የኢትዮጵያ የወጣቶች ፍትሕ

የስልክ ነጠቃ ወይም በቡድን የተፈጸመ ድብደባ የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ በተዘዋወረ ቁጥር ተመሳሳይ ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን ልጆቹ በሕግ ልልነት እንደ ጠገቡ ይናገርና ቅጣቱ እንዲከብድ ይጠይቃል፤ ሌላው ድህነትንና የቤተሰብ መፍረስን ይጠቅስና ልጆቹ ራሳቸው ተጎጂዎች መሆናቸውን ያስረዳል። ሁለቱም የሚሉት እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ልጁ ከተያዘበት ደቂቃ አንሥቶ የፍትሕ ሥርዓቱ ራሱ በእርሱ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ሁለቱም ሳይመረምሩት ያልፋሉ። ስለ ወጣት ጥፋተኝነት የተነሡት ዋና ዋና ንድፈ ሐሳቦች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚያሳዩት፣ መንግሥት በእጁ ካለው ነገር ሁሉ የልጁን መጪ ሕይወት በይበልጥ የሚወስነው የቅጣቱ ርዝመት ሳይሆን፣ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በማን እጅ እንደ ወደቀና ከማን ጋር እንደ ታሰረ መሆኑን ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ከስድሳ ዓመታት በፊት ተረድቶት ነበር፤ ችግሩ ያለው ሕጉ ባልደረሰባቸው ክፍሎችና በአፈጻጸሙ ላይ ነው።

በዘርፉ ከተገኙት ግኝቶች ጠንካራው ስለ ዕድሜ የሚነግረን ነው። ጥፋት በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ መጨመር ይጀምራል፣ በጉርምስናው መጨረሻ ገደማ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያም በሃያዎቹ ውስጥ በፍጥነት ይወርዳል። አሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ ማርቪን ዎልፍጋንግና ባልደረቦቹ በ1945 እ.ኤ.አ. ተወልደው በፊላዴልፊያ ከተማ ያደጉ ወደ 10,000 የሚጠጉ ወንዶች ልጆችን የፖሊስ መዝገብ መርምረው ውጤቱን በ1972 እ.ኤ.አ. አቅርበዋል። ከልጆቹ 35 በመቶ የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በፖሊስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ከእነዚህ መካከል ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የሚጎድሉት ከመጀመሪያው ጥፋት በኋላ ዳግም በመዝገብ ላይ አልታዩም። በአንጻሩ ከጠቅላላዎቹ 6 በመቶ የሚሆኑ ጥቂት ልጆች ከተመዘገበው ጥፋት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ፈጽመው ተገኝተዋል። ቴሪ ሞፊት በ1993 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሥዕል በንድፈ ሐሳብ ስታደራጅ፣ ጥፋታቸው በጉርምስና የሚገደብ ብዙኃንና ከሕፃንነት ጀምሮ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የጠባይ ችግር ያለባቸው ጥቂቶች እንዳሉ ለይታለች።

ከዚህ ለፍትሕ አካላት የሚወጣው ትምህርት ቀላል አይደለም። መርማሪው ፊት የቀረበው የ13 ዓመት ልጅ ከሁለቱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ በዚያን ዕለት ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ በቁጥር ሲታይ ግን ራሱን ችሎ ከጥፋት የሚርቅ ልጅ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። ስለዚህ ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ልጅ የመጀመሪያ ግዴታው፣ በተፈጥሮ ሂደት ሊወጣበት ከሚችለው መንገድ ላይ ልጁን ቸንክሮ አለማስቀረት ነው።

ጥፋት ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የቆየው መልስ የወንጀለኛውን አካልና ዘር ይመረምር ነበር። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወንጀለኛ በራስ ቅሉ ቅርጽ ሊታወቅ ይችላል ብሎ ያስተማረው ትምህርት በሳይንስ ዘንድ ከወደቀ ቆይቷል፤ ምንም እንኳ «ዘሩ ነው» የሚለው የመንደር ፍርድ አሁንም ቢሰማም። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅመን የቺካጎ ሊቃውንት የተከተሉት መንገድ ነው። ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ መኬይ የከተማዋን የወጣት ጥፋተኞች መኖሪያ አድራሻ በካርታ ላይ ሲያስቀምጡ አንድ የሚያስገርም ነገር አዩ። በመሀል ከተማው ዙሪያ ባሉ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች የሚኖረው ሕዝብ በየጊዜው ተለዋውጧል፤ ጀርመኖችና አየርላንዳውያን ወጥተው ጣሊያኖችና ፖላንዳውያን ገብተዋል፤ የጥፋቱ መጠን ግን ከፍ እንዳለ ቆይቷል። ሰፈሩን ለቅቀው የሄዱት ሰዎች ጥፋቱን አብረው ይዘውት አልሄዱም። ይህም ምክንያቱን ከሰዎቹ ዘር አውጥቶ ሰፈሩ ልጆቹን በጋራ ለመጠበቅ ባለው አቅም ላይ አሳረፈው። ሮበርት ሳምፕሰን በኋላ በዚያችው ከተማ ባካሄደው ጥናት፣ ጎረቤት የሌላውን ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሲያየው ለመገሠጽ ዝግጁ መሆኑ ራሱ ከሰፈሩ የጥቃት መጠን ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ያደገበትን ሰፈር ማስታወሱ አይቀርም። በአሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች ሰፈሮች የማንንም ልጅ የመቆጣት ሥልጣን በማንኛዋም እናት እጅ ነበር፤ እድሩ፣ ማኅበሩ፣ የቡናው ጀበና ልጆቹን የሚያይ ዐይን ነበራቸው። ነዋሪዎች ከእነዚህ ሰፈሮች ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ኮንዶሚኒየሞች ሲበተኑ ብዙዎቹ የተሻለ ቤት፣ ውኃና መጸዳጃ አግኝተዋል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ይሁንና በአንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ሰዎች የልጆቻቸውን ስም እስኪተዋወቁ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያ ክፍተት የሚወድቀውም በትክክል ልጆቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ባሉበት ጊዜ ላይ ነው። የከተማ ልማት ዕቅድ ሲነደፍ የሰፈር ሰው አብሮ ተያይዞ እንዲሰፍር ማድረግ በወንጀል መከላከል በጀት ውስጥ የሚታሰብ ጉዳይ ቢሆን ስሕተት አይመስለኝም።

ሮበርት መርተን በ1938 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ ኅብረተሰብ ሁሉም እንዲመኘው በሚያደርገው ስኬትና ወደዚያ በሚያደርሰው ሕጋዊ መንገድ መካከል ያለው ርቀት ጥፋትን ይወልዳል የሚለው ሐሳብ በየስልኩ የባለጸጋ ኑሮ ለሚመለከት የሊስትሮ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ትራቪስ ሂርሺ ደግሞ ጥያቄውን ገልብጦ፣ አብዛኞቹ ልጆች ለምን አያጠፉም ብሎ ጠየቀ፤ መልሱም ከወላጅና ከመምህር ጋር ያላቸው ቁርኝት፣ ቢያዙ የሚያጡት ነገር መኖሩና ጊዜያቸው በሥራና በትምህርት መያዙ ነው አለ። ከገጠር ብቻውን መጥቶ በአውቶቡስ ተራ አካባቢ የሚያድር ልጅ ከእነዚህ ገመዶች አንዱም አልተረፈለትም፤ የሚያጣው ነገር የሌለው ልጅ ደግሞ በከባድ ቅጣት ማስፈራራት ብቻውን አይመልሰውም።

እዚህ ላይ ነው ሥርዓቱ ራሱ ወደ ጥያቄው የሚገባው። ኤድዊን ሌመርትና ሃዋርድ ቤከር ያብራሩት የስያሜ ንድፈ ሐሳብ፣ አንድ ልጅ በመጀመሪያ በብዙ ምክንያት ያጠፋል፤ «ሌባ» ተብሎ በአደባባይ ከተሰየመ በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ ያርቀዋል፣ ጓደኛ ይሸሸዋል፣ ፖሊስ ሰፈር ውስጥ ዕቃ በጠፋ ቁጥር እርሱን ይፈልገዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥፋትም የዚህ ሁሉ ውጤት ይሆናል የሚል ነው። በጎ የታሰበ ጣልቃ ገብነት እንኳ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳየው ከባዱ ማስረጃ በማሳቹሴትስ የተካሄደው የካምብሪጅ–ሶመርቪል ጥናት ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ፕሮግራም ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን ለዓመታት አማካሪ፣ ሕክምና፣ የትምህርት ድጋፍና የክረምት ካምፕ አቀረበ። ጆአን መኮርድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሁለቱን ወገኖች አፈላልጋ ስታነጻጽራቸው፣ ድጋፍ ያገኙት በወንጀል ድግግሞሽ፣ በመጠጥ ሱስና በሌሎችም መለኪያዎች ካላገኙት የባሱ ሆነው አገኘቻቸው። ከሁሉም የተጎዱት በተደጋጋሚ ወደ ክረምት ካምፕ የተላኩት ነበሩ። ቶማስ ዲሽን በኋላ ከመኮርድ ጋር እንዳብራራው፣ የጠባይ ችግር ያለባቸውን ልጆች አንድ ላይ ሰብስቦ ማኖር በሳቅና በአድናቆት ጥፋትን እርስ በርስ እንዲማማሩ ያደርጋቸዋል። ካምፕ ይህን ካደረገ፣ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከጎልማሳ ኪስ አውላቂዎች ጋር በአንድ ክፍል ሲያድር ምን እንደሚማር መገመት አያዳግትም።

የስያሜ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ተወላጆች ሀገር ቤት ብቻ የተወሰነ አይደለም። በእስራኤል ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች በወጣት እስረኞች መካከል ከሕዝብ ድርሻቸው እጅግ በላቀ ቁጥር መገኘታቸው ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. በፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው የመንግሥት ኮሚቴ በተቋማት ውስጥ የሚታየውን አድልዎ፣ የፖሊስን አያያዝ ጨምሮ፣ በይፋ መዝግቧል። ፖሊስ አንድን ማኅበረሰብ አብዝቶ ሲያስቆም አብዝቶ ይይዛል፤ የተያዘው መብዛት ደግሞ ለተጨማሪ ማስቆም ምክንያት ይሆናል። በስታቲስቲክሱ ላይ የሚታየው የልጆቹ ጠባይ ብቻ ነው ብሎ ማንበብ በዚህ ምክንያት አሳሳች ነው።

ወደ ሀገራችን ሕግ ስንመለስ ብዙ አንባቢ የማይጠብቀው ብስለት እናገኛለን። በስዊሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን የተረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣት አጥፊን ከጥፋቱ ይልቅ በአስተዳደጉና በሚያስፈልገው ትምህርት የመመዘን ሐሳብ ይዞ መጣ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ መሠረት ጠብቋል። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ወጣት በአዋቂ ላይ የሚጣል መደበኛ ቅጣት አይጣልበትም፣ ከአዋቂ ወንጀለኞችም ጋር አይታሰርም። ፍርድ ቤቱ ለሕክምና መላክ፣ በጥብቅ ክትትል እንዲማር ማድረግ፣ መገሠጽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤቱ ተወስኖ እንዲቆይ ማዘዝ፣ ወይም ጠባይ ማረሚያ ማስገባት ይችላል። ጠባይ ማረሚያ የሚቆይበት ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ሲሆን ከ18 ዓመት ዕድሜ አያልፍም። ከሁሉ የሚደነቀው ደግሞ አንቀጽ 165 ነው፤ እነዚህ እርምጃዎች የተወሰዱበት ወጣት በወንጀል እንደ ተቀጣ አይቆጠርም። ሕግ አውጭው የስያሜን ጉዳት በአንቀጽ ሊከላከል ሞክሯል ማለት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 በማረሚያ የሚገኙ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል።

ይህ ጥበቃ ግን ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲያልፈው ባንዴ ይሳሳል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በመርሕ ደረጃ በመደበኛው የአዋቂ ድንጋጌ ይዳኛል፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ወይም ለታናናሾቹ የተደነገገውን ሊጠቀምለት ይችላል፣ የሞት ቅጣትም አይወሰንበትም፤ ዋናው ነገር ግን «ይችላል» በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እስከ 18 ዓመት ያለውን ሁሉ ሕፃን ይለዋል። ጥፋት ጣሪያ የሚነካው በትክክል በዚህ የዕድሜ ክልል ስለሆነ፣ ልዩ ሥርዓቱ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ነው ልጁን አሳልፎ የሚሰጠው። እኔ በበኩሌ የወንጀል ሕጉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዕድሜ ወሰኑ ይህን ያህል ከባድ ውጤት ካለው፣ ዕድሜው በምን ይረጋገጣል? በሀገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ያኔ የተወለዱት ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው በ2017 ዓ.ም. ነው። ከእነርሱ በፊት የተወለደ፣ በተለይ ከገጠር የመጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ወይም የእናቱን ቃል ነው። ካልሆነም የዕድሜ ምርመራ እንዲደረግለት ወደ ሆስፒታል ይላካል። በእጅ አንጓ ራጅ የአጥንትን ዕድገት አይቶ ዕድሜ መገመት በዓለም ላይ የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ በስፋት የሚሠራበት ማመሳከሪያ የተዘጋጀው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ በደህና ኑሮ ካደጉ ነጭ ልጆች ነው፤ ግምቱም በሁለት ዓመት ያህል ሊዛነፍ ይችላል። በምግብ እጥረት ያደገ ልጅ አጥንቱ ዘግይቶ ሊታይ ይችላል፣ ሌላው ፈጥኖ የጎረመሰው ደግሞ አዋቂ ሊባል ይችላል። ጥርጣሬ በተፈጠረ ጊዜ ሁሉ ግምቱ ለልጁ በሚጠቅም መንገድ እንዲያዝ በሕግ በግልጽ መደንገግ አለበት።

አሁን የዚህን ሁሉ ውጤት በአንድ ጉዳይ ላይ እንመልከተው። የ13 ዓመት ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የቆመ መኪና ስፖኪዮ ነቅሎ ሲሮጥ ተያዘ እንበል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 172 ፖሊስ እንዲህ ያለውን ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ያዛል፤ ጉዳዩም በጣም ከባድ ካልሆነ በስተቀር መደበኛ ክስ አይመሠረትበትም፤ ችሎቱ በዳኛው ቢሮ፣ በዝግ፣ ያለ ግርግር ይካሄዳል። ልጁ የተያዘው ዓርብ ማታ ከሆነ ግን «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ሰኞ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ጣቢያው ለልጆች የተለየ ክፍል ከሌለው የሚያድረው ከአዋቂዎች ጋር ወይም ተረኛው ፖሊስ ጠረጴዛ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ነው። እናቱ ስልክ ከሌላት ማን ይነግራታል? ጥፋቱን ያመነው ማን አጠገቡ ተቀምጦ ነው? ዳኛው በኋላ የሚወስኑት ሁሉ በእነዚህ ሰዓታት በተሠራ መዝገብ ላይ የቆመ ነው። በአዲስ አበባ በአንዳንድ ፖሊስ ጣቢያዎች የተቋቋሙት የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎችና በልደታ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተከፈተው የሕፃናት ችሎት ይህን ክፍተት ለመድፈን የተወሰዱ ትክክለኛ እርምጃዎች ነበሩ፤ ከዋና ከተማዋ ርቀው በሄዱ መጠን ግን ተመሳሳይ አገልግሎት ማግኘት ይከብዳል።

የጠባይ ማረሚያ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባው ተቋም ለረጅም ዘመን የሀገሪቱ ብቸኛ ሆኖ ኖሯል። ዳኛ ሕጉ ያስቀመጠለት ተቋም በአቅራቢያው ከሌለ ያለው አማራጭ ልጁን ለወላጅ መመለስ ወይም ከአዋቂዎች ጋር ወደ ማረሚያ ቤት መላክ ነው፤ ሩቅ ቦታ ቢልከውም ቤተሰቡ ሊጠይቀው አይችልም፤ ሂርሺ የተናገረለት ቁርኝት በመንግሥት ወጪ ይበጠሳል። መኮርድና ዲሽን ያገኙትን ካመንን፣ መፍትሔው በየክልሉ ትልልቅ ግቢ መገንባት አይደለም። ሕጉ የዘረዘራቸውን፣ ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ የሚፈጸሙትን እርምጃዎች ሥራ ላይ የሚያውል ሰው፣ ማለትም ቤቱ እየሄደ የሚከታተል ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ለወረዳ ፍርድ ቤት መቅጠር ቅድሚያ ይገባዋል።

ያ ግርግር የሌለበት የዳኛ ቢሮ ችሎት የራሱ አደጋ እንዳለውም መዘንጋት የለበትም። በ1899 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የተከፈተው የመጀመሪያው የወጣቶች ፍርድ ቤት ዳኛውን እንደ አባት ቆጥሮ የክርክር ሥርዓትን አላላ። ጄራልድ ጎልት የተባለው የ15 ዓመት የአሪዞና ልጅ በስልክ አጸያፊ ንግግር ተናግሯል ተብሎ፣ ያለ ጠበቃና ስልኩ የተደወለላት ሴት ሳትቀርብ፣ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በማረሚያ እንዲቆይ ተወሰነበት፤ ለአዋቂ ቢሆን ከፍተኛው ቅጣት 50 ዶላር ወይም ሁለት ወር እስር ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 እ.ኤ.አ. ውሳኔውን ሽሮ ልጆችም ጠበቃ የማግኘትና ምስክር የመጠየቅ መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። የእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለልጁ ጠበቃ የሚያቆምለት ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበ ወይም ወንጀሉ ከባድ ከሆነ ነው፤ አባት መቅረቡ ጠበቃን ይተካል ብሎ ማሰብ ግን፣ በተለይ በልጁ ድርጊት አፍሮ ከፖሊስ ጋር የሚወግን አባት በሚኖርበት ጊዜ፣ ልጁን ብቻውን ይተወዋል።

ቀላል ጉዳዮች ፍርድ ቤት ሳይደርሱ በሽምግልና ቢያልቁ የሚለው ሐሳብ መሠረት አለው። ኒውዚላንድ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከማኦሪ ሕዝብ ባህል የተወሰደ የቤተሰብ ጉባኤን የወጣቶች ፍትሕ ማዕከል አድርጋለች፤ አጥፊው፣ ቤተሰቡና ተጎጂው በአንድ ተቀምጠው ካሳውን ይወስናሉ። ስፖኪዮ የተነቀለበት የታክሲ ሾፌር የሚፈልገው ንብረቱን ወይም ዋጋውን እንጂ የልጁን ሁለት ዓመት አይደለም፤ መደበኛው ሂደት ደግሞ እርሱንም ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ሆኖም ተጎጂዋ የተደፈረች ልጃገረድ ስትሆን የሽማግሌዎች ዕርቅ ለሁለት ቤተሰብ ሰላም ሲባል የእርሷን ፍትሕ የሚሸጥ እንዳይሆን በሕግ መከልከል ያስፈልጋል።

የስፖኪዮው ልጅ መዝገብ ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቀው የሚዘጋው ጥያቄ ደግሞ ዕቃው ማን ዘንድ ሊሸጥ ነበር የሚለው ነው። የወንጀል ሕጉ በወንጀል የተገኘ ዕቃ መሸሸግንና መግዛትን ይቀጣል፤ ለወንጀሉ ሕፃን ልጅን መሣሪያ ያደረገ አዋቂንም እንደ ዋና ወንጀል አድራጊ ይቆጥራል። ምርመራው ልጁ ጋ ቆሞ ወደ ገዢው ካልተሻገረ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ዋጋ ሌላ ልጅ ይላካል። ዝቅተኛው የወንጀል ኃላፊነት ዕድሜ ቢያንስ አሥራ አራት ዓመት እንዲሆን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ለአባል ሀገሮች ያቀረበውን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች፣ አዋቂዎች ትንንሾቹን ልጆች ያሰማራሉ የሚል ስጋት ያነሣሉ። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ግን ለእርሱ የተጻፈው አንቀጽ ሕጉ ውስጥ አለ፤ የሚመለከተውም የአሥር ዓመቱን ልጅ ሳይሆን የላከውን ሰው ነው።